የገበያው የሞት ወረቀት

ጠዋት ተነስቼ ምድጃውን ለኮስኩ፤ ድመቷን አስወጣሁ፤ የትናንቱን ዳቦ ቆርጬ በነጭ አይብ በላሁ። ሳህኑን አጥቤ ዘንቢሌን ይዤ ወረድኩ። የሚያስፈልገኝ ባሮ ሽንኩርትና እንቁላል ነበር። በከተማችን በቤሊ ብሮድ እንቁላል የሚገዛው ከጾንካ ነው። ከሌላ የገዛ ሰው ስሙ በገበያው ውስጥ ሲነሳ ይከርማል።

መንገዱ አጭር ነው። ማዘጋጃ ቤቱን እንዳለፉ ሁለት ረድፍ የሊፓ ዛፎች ያሉበት አደባባይ ይደረሳል። በዛፎቹ መካከል የገበያ አዳራሹ ቆሟል። ባሌ ዛሃሪ የነደፈው ነው። ብዙ ሕንጻ ነድፏል፤ የተሠራለት ግን ይህ ብቻ ነው። በመሐል በቆመ አንድ ምሰሶ ላይ ያረፈ ሰፊና ስስ የአርማታ ጣሪያ ነው፤ ከሩቅ የተዘረጋ ጃንጥላ ይመስላል። ዛሃሪ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። እንቁላል በማያስፈልገኝ ቀንም ወደዚያ እሄዳለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አዳራሹን ኩዝማን ሊያፈርሰው ፈልጓል። ኩዝማን ከወንዙ ማዶ ያሉት ሕንጻዎች ሁሉ ባለቤት ነው። በገበያው ቦታ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ያለው ረጅም ሕንጻ ሊያቆም አስቧል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ፕላኑን አዘጋጅቶለታል። ሕጉ ግን ነዋሪው ይጠየቅ ይላል። የምንጠየቀው በዚያ ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በባህል ቤቱ ነበር። መጠየቁ ከመጀመሩ በፊት የሥጋ ሻጩ የሚንዮ መስኮት በድንጋይ ተሰብሯል፤ የጾንካ ሁለት የዶሮ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ ተቃውሞ ሲያስፈርም የነበረው ጡረተኛ መምህር በራሱ ደጃፍ ክንዱን በብረት ተመትቷል። ፖሊሱ መጥቶ ደረጃውን አየና፣ «ያንሸራትታል» ብሎ ሄደ።

የሞት ወረቀቱ ሐሳብ የጾንካ ነበር።

«ገበያው ሊሞት ነው አይደል?» አለች ባለፈው ሳምንት። «እንግዲያ እንደ ሰው እናልቅስለት። ጥቁር ክፈፍ፣ ፎቶግራፍ፣ ሁሉም ነገር! በየዛፉ ይለጠፍ። ሰው ለስብሰባ አይመጣም፤ ለቀብር ግን ይመጣል።»

እኛ አገር የሞተ ሰው ፊት በየዛፉና በየበሩ ይለጠፋል፤ በዓርባው፣ በመንፈቁ፣ በዓመቱ ይታደሳል። ሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ የሚያነበው እሱን ነው። ስለዚህ ሁላችንም ተስማማን። ጽሑፉን እኔ ጻፍኩ፤ ጾንካ ደግሞ አዳራሹ በተመረቀበት ቀን የተነሳ የድሮ ፎቶግራፍ ከመሳቢያዋ አወጣች። ሁለቱንም ለአታሚው ለሉበን ሰጠነው። የከተማውን የሞት ወረቀት ሁሉ የሚያትመው እሱ ነው፤ የሚለጥፈው ደግሞ ሠራተኛው ጋንቾ።

ያን ዕለት አደባባዩ ስደርስ ሰዎች በዛፎቹ ፊት ቆመው ነበር። ወረቀቱ በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ ተለጥፏል። ጽሑፉ እንደጻፍኩት ነው፦ የምንወደው ገበያችን ሊለየን ስለሆነ ወዳጆቹ ሁሉ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በባህል ቤቱ ይገኙ። ከጽሑፉ በላይ ግን አዳራሹ የለም። ጠጉሩን ያሳደገ አንድ ጎረምሳ በጥቁሩ ክፈፍ ውስጥ ሆኖ ይስቃል።

«ይሄ ማን ነው?» አልኩ።

«እኔ ምን አውቄ!» አለች ጾንካ። «እኔ ገበያ ሰጠሁት፣ እሱ ጎረምሳ መለሰልኝ። መልኩ ግን አይከፋም። እትዬ ራዳ፣ ጥርሱን እይውማ።»

ሚንዮ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ቀረብ አለ። ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄን ጥርስ አውቀዋለሁ» አለ። «አሁን ወርቅ ገብቶበታል።»

የኩዝማን ጥርስ ነበር። ኩዝማን በወጣትነቱ ከአባቱ ጋር እዚሁ ገበያ ሐብሐብ ይሸጥ ነበር። አዳራሹ በተመረቀ ቀን ከሕዝቡ ፊት፣ በመሐል፣ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ፎቶግራፍ ተነስቷል። ከጀርባው አዳራሹ፣ ከጎኑ አባቱ።

ሉበን ጩኸታችንን ሰምቶ ከማተሚያ ቤቱ ወጣ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎታል።

«ፎቶ ሰጣችሁኝ፣ ፊቱን ቆርጬ አወጣሁ» አለ። «ምን ላድርግ? ፊት የሌለው የሞት ወረቀት አትሜ አላውቅም። መሐል የቆመው እሱ ነው፤ እሱን ወሰድኩ።»

«ጽሑፉን አላነበብከውም?»

«ሦስት ቀብር ነበረብኝ እትዬ! የሟች ጽሑፍ እንደሆነ ሁሉም አንድ ነው። ‹የምንወደው› ይላል፣ ‹ሊለየን› ይላል፣ ሰዓቱን ይላል። በቃ!»

«ስለዚህ ኩዝማንን ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንገድልሃለን ብለን በየዛፉ ለጥፈናል» አለ ሚንዮ። «በእትዬ ራዳ ጥሩ አጻጻፍ።»

«ይሙታ! ምናለ?» አለች ጾንካ፤ ወዲያው ግን አፏን ያዘች። ሁላችንም ወረቀቶቹን መላጥ ጀመርን። ኮላው ገና እርጥብ ስለነበር በቀላሉ ይላቀቃል። የላጥኳቸውን በብብቴ ሸጎጥኩ።

ጋንቾ የኮላ ባልዲውን አንጠልጥሎ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል መጣ። በዚያ ሰዓት የራኪያ አረቄ ቀምሷል፤ ሁልጊዜም ይቀምሳል። በእርሱ ያልተለጠፈ የዚህ ከተማ ሙት የለም።

«ምነው! ምነው!» አለ። «ሳይደርቅ? ሰው ሙትን እንዲህ ያደርጋል?»

«የት የት ለጠፍክ?» አልኩት።

«እንደ ደንቡ ነዋ። ዛፎቹ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ የሟች ቤት በር።»

«የማን ቤት በር?»

«የኩዝማን ነዋ እትዬ፤ ዓይን የለኝም እንዴ? እኔ ማንበቡ ላይ ሰነፍ ነኝ እንጂ ፊት አልረሳም። ቪላው ጋ ውሾች አሉ፣ እናቱ በር ላይ ለጠፍኩ። ጥቁሩን ሪባንም አሰርኩላት፣ ከራሴ።» ኮፍያውን አወለቀ። «አሮጊቷ ገና አልተነሳችም መሰለኝ። በቀስታ ነው የለጠፍኩት፣ እንዳላስደነግጣት።»

ዘንቢሌን ጾንካ እግር ሥር ጥዬ ሮጥኩ። የምሮጥበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም።

የኩዝማን እናት የእማማ ስቶይና ቤት በላይኛው መንገድ ነው። በሩ ተከፍቷል። አሮጊቷ በድንጋይ ደረጃው ላይ በጀርባዋ ወድቃ ጭንቅላቷ ከመጨረሻው ደረጃ ጠርዝ ላይ አርፏል። ደሙ በአበባ ማሰሮዎቹ መካከል እየወረደ ነበር። ወረቀቱን ከበሩ ገንጥላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ጥቁሩ ሪባን በጣቷ ተጠምጥሟል።

ተንበርክኬ ሻርፔን ከጭንቅላቷ ሥር አደረግኩ። ዓይኗን ገለጠች።

«አገሩ ሁሉ ያውቃል» አለች። «ለእኔ ብቻ ሳይነግሩኝ።»

«እማማ ስቶይና፣ ኩዝማን አልሞተም። ስህተት ነው። ደህና ነው።»

ማን እንደሆንኩ አውቃለች።

«አንቺም ዛሃሪ የሞተ ጊዜ አላመንሽም» አለች። እጄን በእጇ ደባበሰች፤ እኔን ማጽናናቷ ነበር። እስትንፋሷ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ቆመ። ሪባኑን ከጣቷ ለመፍታት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

የኩዝማን መኪና የደረሰው ያኔ ነው። አንድ ሰው ደውሎለት ይሆናል፤ ወይም ወረቀቱን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አይቶታል። ከሾፌሩ ጋር ወረዱ። እናቱን አየ። በእጇ ያለውን የራሱን ፊት አየ። ከዚያ እኔን አየ፤ በብብቴ ከታጨቀው እርጥብ ወረቀት መሐልም ያው የራሱ ፊት ሲስቅ።

ፊቴን በቡጢ መታኝ። አፌ ውስጥ ጥርስ ሲነቀል ሰማሁት። ደረጃው ላይ ወደቅኩ፣ ከእናቱ አጠገብ።

«ማነው የለጠፈው?»

«ስህተት ነው» አልኩ። «አንተ መሆንህን ማንም አላወቀም።»

«ማነው የለጠፈው?»

የጋንቾን ስም አልሰጠሁትም። የቀኝ እጄን በጫማው ረገጠና ክብደቱን ሁሉ ጣለበት። ሁለት ጣቶቼ ተሰበሩ። ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮህኩ።

«አለቃ፣ ተው፣ ሴት ናት» አለ ሾፌሩ።

«እናቴስ ምን ነበረች?» አለው ኩዝማን። እግሩን አነሳ። ከዚያ ተቀምጦ የእናቱን የቤት ልብስ ጉልበቷ ላይ ጎትቶ አስተካከለ፣ እንዳትጋለጥ።

ስብሰባው አልተሰረዘም። የማዘጋጃ ቤቱ ዋና አርክቴክት፣ ሕግ የወሰነው ቀን ስለሆነ አይሰረዝም አለ። ጾንካ ጣቶቼን ከእንጨት ማንኪያ እጀታ ጋር በጨርቅ አሰረችልኝ።

«አትሂጂ» አለችኝ። «ፊትሽ እንደ ዱባ አብጧል።»

«የምናገረው ነገር አለኝ።»

«በየትኛው አፍሽ?»

«በቀረልኝ።»

የማውቀው ነገር ቀላል ነበር። ዛሬ ማንም ሳይናገር ከዋለ አዳራሹ ይፈርሳል። ሌላ የምይዘው ነገር የለኝም፤ ስለዚህ ሄድኩ።

የባህል ቤቱ የፊት ረድፎች አንገታቸው በወፈረ፣ ጥቁር ካናቴራ በለበሱ ጎረምሶች ተይዘዋል። በአውቶቡስ ነው የመጡት። እኛ ከኋላ ተቀመጥን። ጋንቾም መጥቷል፤ ጸጉሩን በውኃ አበጥሯል። ዋናው አርክቴክት ከመድረክ ላይ ጠረጴዛ አስቀምጦ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ አጠገቡ አድርጓል።

«የዜጎችን አስተያየት እንቀበላለን» አለ።

«እነዚህ ዜጎች ከየት አገር ነው የተጫኑት?» አለች ጾንካ ጮክ ብላ።

«ዶሮዋ መጣች» አለ ከፊት አንዱ። «እማማ፣ ቁጭ በይና እንቁላልሽን ጣይ።»

«አንተን እናትህ ስትጥልህ ቅርፊቱን የት አደረገችው? አንጎልህ እዚያ ነው የቀረው!»

ከኋላ ያለነው ሳቅን። በዚያ ቀን የሳቅነው የመጨረሻው ሳቅ እሱ ነው። እጄን አውጥቼ ተነሳሁ። አርክቴክቱ ፊቴን ሲያይ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

«ስለ አዳራሹ ነው» አልኩ። አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ቀስ ብዬ ነበር የምናገረው። «አዳራሹ ይቁም። ሰው ይገበይበታል። ዝናብ ሲዘንብ ሁላችንም የምንገባው እዚያ...»

በሩ ተበርግዶ ኩዝማን ገባ። ሸሚዙ እስከ ክርኑ ድረስ በእናቱ ደም ተነክሯል። ማንንም ሳያይ መድረኩ ላይ ወጣ፤ ማይክራፎኑን ከነቋሚ ብረቱ አነሳ።

«እናቴ ሞታለች» አለ። «የለጠፈው ይነሳ።»

ጋንቾ ተነሳ። ሚንዮ ካፖርቱን ይዞ ሊያስቀምጠው ሞከረ፣ አልሆነለትም። ጋንቾ ኮፍያውን በደረቱ ይዞ በመተላለፊያው ወደ ፊት ሄደ።

«እኔ ነኝ ኩዝማን ልጄ» አለ። «ለእናትህ ነፍስ ይማር። እኔ ሞተሃል ብዬ ነው እኮ። እንኳን አልሞትክ!» እጆቹን ዘርግቶ ሊያቅፈው ቀረበ። በእውነት ደስ ብሎት ነበር። ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ኩዝማን ከመድረኩ ወርዶ በማይክራፎኑ ብረት ጭንቅላቱ ላይ መታው። ድምፁ በድምፅ ማጉያው ወጣ። ጋንቾ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ኩዝማን ደገመው። በሦስተኛው ጋንቾ በመቀመጫዎቹ መካከል ወደቀ፤ ኩዝማን ግን መምታቱን አላቆመም፤ እያንዳንዱን ምት ተሰብሳቢው ሁሉ ሰማው።

ከዚያ ሁሉም ተነሳ። ጥቁር ለባሾቹ መቀመጫዎችን እየነቀሉ ወደ ኋላ ወረወሩ። ጡረተኛው መምህር በተሰበረ ክንዱ ላይ እንደገና ተመታ። ጾንካ አንዱን ጆሮውን ነክሳ አልለቀው ብላ በጠጉሯ ወለሉ ላይ ተጎተተች። ሚንዮ የሥጋ ቢላዋውን ከካፖርቱ ውስጥ አወጣ፤ ሊያስፈራራበት ነበር የያዘው፤ ግን አንዱ ሲዘልበት ጭኑ ውስጥ ሰካው። ልጁ ቁጭ ብሎ የራሱን ደም እያየ፣ «እናቴን ጥሩልኝ» አለ፣ ደጋግሞ፤ ማንም አልሰማውም። የሰማሁት እኔ ነኝ። ባልተጎዳው እጄ መቀነቴን ፈትቼ ጭኑን አሰርኩለት።

ጸሐፊው ጠረጴዛው ሥር ገብቷል። አርክቴክቱ ከግድግዳው ተለጥፎ ይጮህ ነበር፦ «አስተያየት የለም! አስተያየት የለም ብለህ ጻፍ!»

ኩዝማን ብረቱን ጣለ። ጋንቾን ቁልቁል አየው። የጋንቾ ጣቶች ላይ ኮላው ደርቆ ነጭ ሆኗል። ትንፋሽ አልነበረውም። ኩዝማን ከዚያ በኋላ በባህል ቤቱ ውስጥ ማንም የሌለ ይመስል በመካከላችን ወጥቶ ሄደ።

ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። የማፍረሻ ማሽኑ፣ ኤክስካቫተሩ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ ፈቃዱ እንደሚፈረም እርግጠኛ ስለነበሩ አስቀድመው አምጥተውታል። ተከተልኩት። ስደርስ ኦፕሬተሩን በኮሌታው ጎትቶ አውርዶ ራሱ ወጥቶበታል። ሲጋራው አፉ ውስጥ እንደተሰቀለ ኦፕሬተሩ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ሴትዮ፣ ሽሺ» አለኝ። «ይሄ ሰውዬ አብዷል።»

ማሽኑ ሁለት የሊፓ ዛፍ ጥሎ ወደ አዳራሹ ገባ። ጠረጴዛዎቹ፣ የጾንካ ሚዛን፣ የሚንዮ መንጠቆዎች፣ የእኔ ዘንቢል በሰንሰለቱ ሥር ገቡ። ኩዝማን አካፋውን ከፍ አድርጎ ወደ መሐሉ ምሰሶ አዞረው።

ዛሃሪ ስለዚያ ምሰሶ ብዙ ጊዜ ነግሮኛል። ማታ እራት ላይ ማንኪያ አቁሞ ሳህን ያስቀምጥበት ነበር፣ ሊያሳየኝ። ጣሪያው ሌላ የሚይዘው ነገር የለውም። ከዳር ከተጀመረ ቁራጭ በቁራጭ ይወርዳል፤ ከመሐል ከተነካ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል።

እስከ ጣሪያው ጥላ ጠርዝ ሄድኩ። ባልሰበረው እጄ አውለበለብኩለት። አየኝ።

«ኩዝማን!» አልኩ። «መሐሉን አትንካ! ከዳር ጀምር! ከዳር ነው የሚፈርሰው!»

የሞተሩን ጩኸት አልፎ እንደተሰማው አውቃለሁ፣ እጁን ከማንሻው አንስቷልና። ወደ ምሰሶው አየ፣ ወደ ጣሪያው አየ፣ ወደ እኔ አየ።

«ታስቢለታለሽ አይደል?» ብሎ ጮኸ። «የባልሽ ነው! ልቡን አትንካብኝ ነው የምትይው!»

«ይወድቅብሃል!»

«ይውደቅ!»

ከቤሊ ብሮድ ነዋሪ በዚያ ቀን ለኩዝማን የደረሰው አስተያየት ያ ጩኸቴ ብቻ ነበር። አካፋው ምሰሶውን ሁለት ጊዜ መታው። በመጀመሪያው የአርማታው ልጣጭ ረገፈ። በሁለተኛው ብረቶቹ ታጠፉ። ጣሪያው መጀመሪያ አልወደቀም፤ ትንሽ ዞረ፣ ጃንጥላ ነፋስ ሲያገኘው እንደሚዞር። ከዚያ ወረደ።

ኦፕሬተሩ ወገቤን ይዞ ጎትቶ ጥሎኝ ኖሯል፤ ስነቃ ከሥሩ ነበርኩ። አቧራው ሲሰክን የኤክስካቫተሩ ክንድ ብቻ ከፍርስራሹ ወጥቶ ይታይ ነበር። ኩዝማንን እስኪያወጡት ጨለመ። በሕይወት አልነበረም።

ሚንዮ ታስሯል። ጭኑን የተወጋው ልጅ ተርፏል፤ እናቱ መጥታ መቀነቴን አጥባ መለሰችልኝ። ጾንካ ጠጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች፤ እንቁላሏን ከአሮጌ መኪና ኋላ ትሸጣለች። የኩዝማን ወራሾች እርስ በርስ ተካሰው ሕንጻው ሳይጀመር ቀረ።

ሉበን ሦስት የሞት ወረቀት አተመ። ለእማማ ስቶይና ሻርፕ ያደረገችበትን ፎቶግራፍ ተጠቀመ። ለኩዝማን ማንም ፎቶግራፍ አላመጣለትም፣ ፊቱ ግን ከድሮው ፎቶግራፍ ተቆርጦ ማተሚያ ማሽኑ ውስጥ ነበር፤ ያንኑ ተጠቀመ። ከጋንቾ ክፍል ፎቶግራፍ ፈልገው አጡ፤ የእሱ ክፈፍ መሐሉ ነጭ እንደሆነ ታተመ። ለጣፊ ስለሌለው ሉበን ራሱ እየዞረ ለጠፋቸው፤ ያዘነበሉ ነበሩ።

ጠዋት ዘንቢል ይዤ እወርዳለሁ፤ አዲስ ገዝቻለሁ። ማዘጋጃ ቤቱን አልፋለሁ። አደባባዩ በቆርቆሮ ታጥሯል። ከአንደኛው ረድፍ ሁለት የሊፓ ዛፎች የሉም። በዛፎቹ መካከል የገበያ አዳራሹ የለም።